ጉልበቱን የገራ መምህር

«ጎንበስ ጎንበስ ማለት ዕቃ ለማንሣት ነው» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ ዘወትር የሚነገረው ትሕትናው ለሚያጠራጥር ሰው ነው። በሩቅ ምሥራቅ፣ በጃፓን አገር ግን ጎንበስ ማለትን የኃይል ምንጭ፣ ኃይልንም የትሕትና አገልጋይ ያደረጉ አንድ ታላቅ መምህር ነበሩ። ስማቸው ጂጎሮ ካኖ ይባላል። ስለ እኚህ ሰው በቤተሰብ ዓምዳችን መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትምህርታቸው በሜዳም ሆነ በቤት ለወታደር የሚበጅ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካኖ በ1860 ዛሬ የኮቤ ከተማ ክፍል በሆነችው በሚካጌ ተወለዱ። ቁመታቸው አጭር፣ ሰውነታቸው ቀጭን ስለ ነበረ በትምህርት ቤት የጉልበተኞች መጫወቻ ሆኑ። ደካማው ብርቱውን የሚጥልበት ጁጂትሱ የሚባል ጥንታዊ የትግል ጥበብ እንዳለ በሰሙ ጊዜ መምህር ፍለጋ ተነሡ። ይሁን እንጂ ዘመኑ የሳሙራይ ሥርዓት የፈረሰበትና ሕዝቡ ፊቱን ወደ አውሮፓ ሥልጣኔ ያዞረበት በመሆኑ፣ የጥበቡ አዋቂዎች ተበታትነው አንዳንዶቹም በወጌሻነት ይተዳደሩ ነበር። ወጣቱ ተማሪ ወጌሾችን ሲያጠያይቁ ቆይተው በ1877 ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ የሚባሉትን መምህር አገኙ።

ካኖ የአንዱን አጣጣል ዘዴ በዝርዝር በጠየቁ ጊዜ መምህሩ በቃል ከማስረዳት ይልቅ ደጋግመው ይጥሏቸው ነበር። ካኖም በሰውነታቸው ከተማሩት ላይ የራሳቸውን ምርምር ጨመሩ። ከትምህርት ጓደኞቻቸው መካከል በግዝፈቱ ያስቸገራቸውን አንዱን ለማሸነፍ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደው ስለ ምዕራባውያን ትግል አነበቡ፤ ከዚያም ያን ግዙፍ ሰው በትከሻቸው አንሥተው ጣሉት። በብልኃት የተደገፈ ትንሽ ጉልበት ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ1882 ካኖ ቶኪዮ በሚገኘው በኤይሾጂ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ምንጣፍ ብቻ በሚያስነጥፍ ክፍል ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤታቸውን ከፈቱ። ከልዩ ልዩ የጁጂትሱ ስልቶች ጠቃሚውን መርጠው፣ ለሕይወት አስጊ የሆነውን ከልምምዱ አውጥተው አዲሱን ትምህርት «ጁዶ»፣ ማለትም «የልስላሴ መንገድ» አሉት። በስሙ ውስጥ ያለው ለውጥ ቀላል አይደለም፤ «ጁጂትሱ» ጥበብን ሲያመለክት፣ «ጁዶ» የሕይወት ጎዳናን ያመለክታል።

የልስላሴን ትርጉም ካኖ በቁጥር ያስረዱ ነበር። የባላጋራህ ጉልበት 10፣ ያንተ 7 ቢሆን፣ ሲገፋህ ብትገፋው መሸነፍህ አይቀርም። ነገር ግን በገፋህ መጠን ሚዛንህን ጠብቀህ ብታፈገፍግ እርሱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ሚዛኑን በሳተባት ቅጽበት የ10 ጉልበቱ ወደ 3 ይወርዳል። ያንተ 7 ግን አልተነካም። ያን ጊዜ በጉልበትህ እኩሌታ ጥለኸው እኩሌታውን ትቆጥባለህ። ሆኖም ካኖ ማፈግፈግ ብቻ ለሁሉ ነገር መፍትሔ ነው አላሉም። ከኋላ ጨምድዶ ለያዘህ ሰው መለሳለስ አይበቃም። ስለዚህ ትምህርታቸውን በሁለት መሠረታውያን ሐሳቦች ላይ አቆሙ፤ አንደኛው የሥጋንና የአእምሮን ኃይል ለበጎ ዓላማ ሳያባክኑ መጠቀም፣ ሁለተኛው የራስንና የሌላውን ጥቅም አንድ ላይ ማሳደግ ነው።

በጁዶ ቤት ጀማሪ አስቀድሞ የሚማረው አወዳደቅን ነው። የሚጥለውም ሰው የተጣለውን እጅጌ እንደ ያዘ፣ ጭንቅላቱ ከመሬት እንዳይጋጭ አወዳደቁን ይጠብቅለታል። ከልምምዱ በፊትና በኋላ ሁለቱ እጅ ይነሣሣሉ፤ የልምምድ ጓደኛ ባይኖር ማንም ምንም ሊማር አይችልምና።

ውድ የሠራዊቱ አባላት፣ ልናሰምርበት የሚገባው ነጥብ ይህ ነው። አዲስ ምልምል የሚያሠለጥን የበታች ሹም የሚጥለውን ሰው እጅጌ ይዟልን? ወይስ ልጁን ለመስበር ይጥለዋል? ከጥበቃና ከድካም ወደ ቤቱ የሚመለሰው አባወራስ ቁጣውን ከበር ውጭ ይተዋልን? በሚስቱና በልጆቹ ላይ እጁን የሚያነሣ ሰው ብርቱ መስሎ ይታየው ይሆናል። በካኖ ሚዛን ሲመዘን ግን አስቀድሞ ሚዛኑን የሳተው እርሱ ነው፤ የ10 ጉልበቱ 3 የሆነው በገዛ ቤቱ ነው። ጥይትን በከንቱ መተኮስ የሚያስጠይቅ ከሆነ፣ ጉልበትንም በደካማ ላይ ማባከን ሊያሳፍር ይገባል።

እናንተም እኅቶቻችን፣ የልስላሴ መንገድ የበደል ተሸካሚነት ትምህርት እንዳይመስላችሁ። ካኖ ሴቶችንም ያስተምሩ ነበር። የመጀመሪያው መምህራቸው የፉኩዳ ሃቺኖሱኬ የልጅ ልጅ የሆኑት ኬይኮ ፉኩዳ በካኖ ግብዣ በ1935 ትምህርት ጀመሩ። ሰውነታቸው ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን በ2011፣ ዕድሜያቸው 98 ሲሆን፣ የአሜሪካ የጁዶ ማኅበር የመጨረሻውን ከፍተኛ ማዕርግ፣ 10ኛውን ዳን ሰጣቸው። በ2013 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ከማስተማር አልቦዘኑም።

ካኖ በ1909 የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የመጀመሪያው እስያዊ አባል ሆኑ። በ1938 ለኮሚቴው ጉባኤ ወደ ካይሮ ተጓዙ። በሀዋታ አጠገብ የሚያልፈው የረሃድ ውኃም ከጥቁር ዓባይ ተቀላቅሎ የሚወርደው ወደዚያችው ከተማ ነው። ከጉባኤው ሲመለሱ ግንቦት 4 ቀን 1938 ሂካዋ ማሩ በተባለችው መርከብ ላይ በ77 ዓመታቸው ዐረፉ። ለ1940 ቶኪዮ እንድታዘጋጀው የደከሙለት ኦሊምፒክ በጦርነት ምክንያት ቀረ። በ1964 ቶኪዮ ውድድሩን ባስተናገደች ጊዜ ግን ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ገባ። በዚያው ውድድር የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨርሶ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ኃይሉን ሳያባክን በመሮጡ ከድሉ በኋላ በሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

እንግዲህ የብርታት መለኪያው ስንት ሰው መጣል መቻላችን ሳይሆን፣ በእጃችን የወደቀው ሰው በደኅና መነሣቱ ነው። ይህን ሚዛን በሰፈራችንም በጎጇችንም እንጠብቅ።