ፑንቲና፦ የአሮጌ መኪና ትንሿ በር



እንቆቅልሽ! «ምን አውቅልህ?» በሉ እንጂ! በደቂቃ 6,000 ጊዜ የምትከፈትና የምትዘጋ በር ማን ናት? አላወቃችሁም? እንግዲያው አገር ስጡኝ። ኦሃዮን ሰጣችሁኝ? ጥሩ አገር ነው፤ የዚህች በር ታሪክም ከኦሃዮ ጋር የተያያዘ ነው። መልሱ «ፑንቲና» ነው።

ፑንቲና በአሮጌ የቤንዚን መኪና ዲስትሪቢዩተር ውስጥ የምትገኝ፣ ሁለት ጥቃቅን የብረት ጫፎች ያሏት ማብሪያና ማጥፊያ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገሉት ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች ፑንቲና ነበራቸው። እዚህ አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ የቤንዚን ፒክአፖች አላቸው።

ይህን ዘዴ ለመኪና ካስተዋወቁት ሰዎች ዋናው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ኬተሪንግ ዓይኑን እያመመው ትምህርቱን ቢያቋርጥም ተመልሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 እዚሁ ኮሎምበስ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ከዚያም ዴይተን ከተማ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ጎተራ ውስጥ እየሠራ የፈለሰፈው ዘዴ በ1910 የካዲላክ መኪና ላይ ተገጠመ። ዴይተን አጠገብ ያለችው ኬተሪንግ ከተማ የተሰየመችው በእሱ ስም ነው።

እንዴት ትሠራለች?

የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ብቻ ነው የሚሰጠው። ካንዴላ ላይ እሳት ለመፈንጠቅ ግን ብዙ ሺህ ቮልት ያስፈልጋል። ፑንቲና ከቤት በር ትለያለች፤ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው ስትዘጋ ነው። ያን ጊዜ ቦቢና የሚባለው የሽቦ ጥቅልል ማግኔት ይሆናል። ፑንቲናዋ ድንገት ስትከፈት ማግኔቱ ይጠፋል፤ በዚያች ቅጽበት በቦቢናው ሁለተኛ ጥቅልል ውስጥ ብዙ ሺህ ቮልት ይፈጠራል። ዲስትሪቢዩተሩ እንደ ፖስተኛ ሆኖ ይህን ኃይል በየተራ ለካንዴላዎቹ ያድላል።

ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 2 ጊዜ እሳት ይፈልጋል። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፦ 3,000 × 2 = 6,000። እንቆቅልሹ ተፈታ!

ክፍተቷ ለምን ይለካል?

ላዳ ላይ ፑንቲና ስትከፈት የሚኖረው ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ አንድ ወፍራም ወረቀት እንደማለት። ክፍተቱ ከጠበበ ጫፎቹ ይቃጠላሉ። ከሰፋ ደግሞ ቦቢናው ኃይል የሚያጠራቅምበት ጊዜ ያጥረዋል፤ መኪናው ይንተፋተፋል። ጭራሽ አልነሳም ሊልም ይችላል።

መካኒኩ እንዲህ ያስተካክላል፦

1. ሞተሩን ያጠፋል፣ ቁልፉን ያወጣል፣ የባትሪውን ገመድ ይፈታል።
2. የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍቶ በደረቅ ጨርቅ ይጠርጋል፤ ተሰንጥቆ ከሆነ ይቀይረዋል።
3. የፑንቲናዋን ጫፎች ያያል። ከተበሉ አዲስ ይገጥማል።
4. ፑንቲናዋ እስከ መጨረሻ እስክትከፈት ድረስ ሞተሩን በእጅ ያዞራል።
5. ቀጭን የብረት መለኪያ በክፍተቱ ያስገባል፤ ብሎኗን በካቻቢቴ ላላ አድርጎ ያስተካክላል፣ ያጠብቃል፣ እንደገና ይለካል።
6. ክፍተቱ ሲቀየር እሳቱ የሚመጣበት ሰዓትም ስለሚቀየር፣ በመጨረሻ እሱንም ይመለከታል።

ልጆች፣ ይህን ያለ ትልቅ ሰው እንዳትሞክሩ! የካንዴላ ገመድ ክፉኛ ይነዝራል።

ለወላጆች፦ ፑንቲና፣ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ካቻቢቴ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ የጋራዥ ቃላት ናቸው። አዳዲስ መኪኖች ፑንቲና ስለሌላቸው፣ ቃሉም ከዕቃው ጋር ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ በቤታችሁ መኪና የሚያውቅ አባት፣ አጎት ወይም አያት ካለ ለልጆቹ ይንገራቸው።

የቤት ሥራ፦ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞር ፑንቲናዋ ስንት ጊዜ ትከፈታለች? መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ይዛችሁ ኑ። ደህና ሰንብቱ!