ካሜራው ያያል፣ ግን አይቀዳም

መርሳ ላይ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ አንድ ሱቅ ሌሊት ተሰበረ እንበል። ባለቤቱ ጠዋት መጥቶ የተገነጠለውን ቆርቆሮ ሲያይ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ስልኩ ነው። ከበሩ በላይ የተሰቀለች ነጭ ካሜራ አለችዋ! አፑን ሲከፍት ምስሉ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ በረንዳው ይታያል፣ ራሱም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ቆሞ ይታያል። ወደ ሌሊቱ ልመለስ ሲል ግን ባዶ ነው። ስልክ የሚጠግነው ልጅ ይጠራል። «ጋሼ፣ ሚሞሪው ይቀዳ ነበር?» ይላል ልጁ። «እንዴት አይቀዳም! ይኸው እያየኋት አይደል እንዴ!»

ነገሩ የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። ማየትና መቅዳት በአንድ ቀፎ ውስጥ ያሉ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በሌንሱ የገባውን ምስል ውስጥ ያለችው ቺፕ ጨምቃ ቪዲዮ ታደርገዋለች፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በዋይፋይ ወደ ራውተሩ፣ ከዚያም ወደ ስልክዎ ይሄዳል። ሌላው እዚያው ካሜራዋ ውስጥ ወደተሰካችው ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ይወርዳል። የመጀመሪያው መንገድ ደህና መሆኑ ስለ ሁለተኛው ምንም አይናገርም። ሚሞሪዋ ከሞተች ወር ያለፋት ካሜራ በስልክ ሲያዩዋት እንደ አዲስ ናት። ሰማያዊዋ ወይም አረንጓዴዋ መብራትም አብዛኛውን ጊዜ የምትለው «ኔትወርክ አግኝቻለሁ» ነው እንጂ «እየቀዳሁ ነው» አይደለም።

ሌላ አገር ያለ ሰው ሚሞሪው ቢበላሽበት «ክላውድ» አለው፤ ቪዲዮው በኢንተርኔት ሄዶ ሩቅ ቦታ ያለ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥለታል። ያ አገልግሎት በየወሩ ይከፈልበታል፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ወልድያ በነሐሴ 2013 በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 ስትቆይ መብራትም ስልክም አልነበረም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ይህን ያሳለፈ የመርሳም ሆነ የወልድያ ሰው ካሜራ ሲገዛ የሚያምነው ሚሞሪዋን ብቻ ነው። ደግነቱ ካሜራዋ ወደ ራሷ ሚሞሪ ለመቅዳት ኢንተርኔት አያስፈልጋትም። መብራት ይበቃታል። እንግዲያው ባዶ የሆነችው ለምንድን ነው?

ከሚሞሪዋ እንጀምር። ገበያ ላይ 128 ጊጋ ተብሎ ከሌሎቹ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ካርድ ካገኙ ይጠርጥሩ። ሐሰተኛ ካርድ ማለት በውስጡ 8 ወይም 16 ጊጋ ብቻ ይዞ፣ ሲጠየቅ ግን «128 ነኝ» ብሎ እንዲመልስ የተደረገ ካርድ ነው። ካሜራዋ ታምነዋለች። መጀመሪያ ላይ በደንብ ይቀዳል፤ እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ ግን ካሜራዋ መጻፏን ትቀጥላለች፣ የተጻፈው ደግሞ የትም አይገኝም። ገዢው የገዛ ዕለት ሞክሮት ሠርቷልና ካርዱን ፈጽሞ አይጠረጥርም። ኮምፒውተር ያለው ሰው ካርዱን ጢም አድርጎ ሞልቶ መልሶ በሚያነብ ነፃ ፕሮግራም ይፈትሸዋል። ኮምፒውተር የሌለው ካርዱን ስልክ ውስጥ ከትቶ እስኪሞላ ድረስ ፊልም ይገልብጥበት፤ ከዚያ መጨረሻ የተገለበጠውን ፊልም ከፍቶ ይይ። የመጨረሻው ካልተከፈተ ካርዱ ውሸታም ነው።

እውነተኛ ካርድም ቢሆን ካሜራዋ ላትቀበለው ትችላለች። ከ32 ጊጋ በላይ የሆኑ ካርዶች ከፋብሪካ የሚወጡት «ኤክስፋት» በሚባል አደራደር ነው፤ ብዙ ርካሽ ካሜራዎች የሚያውቁት «ፋት 32» የሚባለውን የቆየውን ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ካርድ ሲገዙ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ሳይሆን እዚያው ካሜራዋ ውስጥ፣ በአፑ ፎርማት ያድርጉት። ከዚያ በፊት ካሜራዋ እስከ ስንት ጊጋ እንደምትቀበል ካርቶኑ ላይ ያንብቡ።

ስንት ቀን ይይዛል ለሚለው ሒሳቡ እነሆ። በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚቀዳ ካሜራ በቀን 21 ነጥብ 6 ጊጋባይት ይሞላል። 32 ጊጋ የተባለው ካርድ እውነተኛ ቦታው 30 ጊጋ እንኳ ስለማይሞላ ቀን ከሌሊት ከቀዳ ከአንድ ቀን ተኩል በታች ነው የሚቆየው። ከዚያ የቆየውን እያጠፋ በላዩ ላይ ይጽፋል። ቅዳሜ ሌሊት የተሰረቀ ሰው ማክሰኞ ቪዲዮውን ቢፈልግ ካሜራዋ አልቀዳችም አይባልም፤ ቀድታ ራሷ አጥፍታዋለች። «በላዩ ላይ ጻፍ» የሚለው ምርጫ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ካርዱ ሲሞላ መቅዳቱ ይቆማል፣ ዓመት ሙሉም ያንኑ መጀመሪያ የቀዳውን ይዞ ይቀመጣል። እንዲህ ሌት ተቀን የሚጻፍበት ተራ ካርድም ቶሎ ያረጃል፤ ለካሜራ ተብለው የሚሠሩ፣ ብዙ መጻፍ የሚችሉ ካርዶች አሉ፤ ዋጋቸው ትንሽ ከፍ ቢልም ለሱቅ የሚሻሉት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ መብራቱ። እዚህ አካባቢ ከሁሉም በላይ ካርድ የሚገድለው እሱ ይመስለኛል። ካሜራዋ እየጻፈች ሳለ መብራት ድርግም ሲል፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፋይሉን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ በመዝገቡ ላይ ሳያሰፍር እንደወጣ ማለት ነው። ፋይሉ አለ፤ ፈልጎ የሚያገኘው ግን የለም። አንድ ጊዜ ቢሆን የሚጠፋው የመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። መብራት በቀን ደጋግሞ ሲሄድና ሲመጣ ግን መዝገቡ ራሱ ይመሰቃቀልና ካሜራዋ «ካርድ የለም» ትላለች።

መብራት ሳይጠፋም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ቀን ቀን የሚቀዳ፣ ማታ ማታ የማይቀዳ ካሜራ ካጋጠመዎ ሚሞሪውን ከመቀየርዎ በፊት ገመዱን ይዩት። ካሜራዋ ሲጨልም በሌንሱ ዙሪያ ያሉትን ለዓይን እምብዛም የማይታዩ የሌሊት መብራቶቿን ታበራለች፤ በዚያን ጊዜ የምትስበው ኮረንቲ ይጨምራል። ሱቅ ውስጥ ካለው ዲቫይደር እስከ በሩ ጫፍ 5 ሜትር የሚሆን ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ተዘርግቶ ከሆነ፣ ግማሽ አምፔር ብቻ ሲያልፍበት 1 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ከቻርጀሩ 5 ሆኖ የወጣው ካሜራዋ ጋ 4 ሆኖ ይደርሳል። እሱ ደግሞ አይበቃትም፤ ትጠፋለች፣ ትነሳለች፣ መብራቷን ልታበራ ስትል እንደገና ትጠፋለች። በእያንዳንዱ መጥፋት ካርዱ ይጎዳል።

ይህን በጠራራ ፀሐይ መፈተሽ ይቻላል። ወንበር ላይ ወጥተው የካሜራዋን ፊት በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑና ጆሮዎን ያስጠጉ። ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ከውስጧ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ፤ ከሌንሱ ኋላ ያለችው ትንሽ የብርሃን ማጣሪያ ወደ ጎን ስትሸሽ ነው። ጨርቁን በትንሹ ገለጥ ቢያደርጉ ደብዘዝ ያለ ቀይ ፍም የመሰለ ብርሃን ይታያል። ከ«ጠቅ» በኋላ ፀጥ ካለች ጤነኛ ናት። እንደ አዲስ እንደተሰካች ሁሉ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ መለፍለፍ ከጀመረች፣ ወይም አንገቷን ማዞር ከጀመረች፣ ችግሩ የኃይል ማነስ ነው። መድኃኒቱ ገመዱን ማሳጠር ነው፦ ኤሌክትሪሺያን 220ውን እስከ ካሜራዋ አጠገብ ያምጣልዎና አብሯት የመጣውን ቻርጀርና አጭር ገመድ ይጠቀሙ። በመካከል ፓወር ባንክ ማስገባትም ይቻላል፤ 10,000 የተጻፈበት እውነተኛ ፓወር ባንክ ትንሽ ካሜራ 8 ሰዓት ያህል ያቆያል። ሲገዙ ግን እየተሞላ መስጠት የሚችል መሆኑን፣ መብራት ሲጠፋም ለአፍታ እንኳ የማያቋርጥ መሆኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ ነቅለው ይዩ።

ሚሞሪውም መብራቱም ደህና ሆነው ቪዲዮው የማይገኝበት ጊዜ አለ። ጎረቤት ውሻ ሲጮኽ የሰማው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው እንበል። ባለሱቁ አፑ ላይ 8 ሰዓትን ሲከፍት ፀሐይ ወጥታ ሰው ቡና ሲጠጣ ያያል። 20 ሰዓትን የሚሞክርም አለ፤ እሱ የምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ ሱቁ ገና ክፍት ነው። ካሜራዋ የምትቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ የሌሊቱ 8 ለእሷ 2 ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 12 ድረስ ላለው 6 ይደምሩ። ከምሽቱ 1 እስከ ሌሊቱ 5 ላለው 18 ይደምሩ። የሌሊቱ 6 ዜሮ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋቱ 12 ድረስ 6 ይቀንሱ። ቀኑም ያሳስታል። «ማክሰኞ ሌሊት ተሰረቅሁ» የሚል ሰው የሚናገረው ማክሰኞ መሽቶ ለረቡዕ አጥቢያ ስላለው ሌሊት ነው፤ ካሜራዋ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀን ስለምትቀይር ከዚያ በኋላ የገባውን ሌባ የምታስቀምጠው ረቡዕ ውስጥ ነው።

ካሜራዋ በቤጂንግ ሰዓት እንደተሞላች ከመጣች ከእኛ 5 ሰዓት ትቀድማለች። ሪያድ ወይም ጅዳ ያለች እህት ተጠቅማባት የላከቻት ከሆነ ሰዓቱ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ የዱባዩ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሰዓቷን ጭራሽ የረሳችው ናት። ብዙ ርካሽ ካሜራዎች ሰዓት የሚጠብቅ የራሳቸው ባትሪ የላቸውም፤ መብራት ሲመጣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ነው የሚጠይቁት። ኢንተርኔት ከሌለ ብዙውን ጊዜ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ይጀምራሉ፤ ብዙ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ጊዜን የሚቆጥሩት ከዚያ ቀን ተነስተው ነውና። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 መሆኑ ነው። ሌባው በጃንሆይ ዘመን ገብቶ ይገኛል! አንዳንድ ካሜራም ይህን ቪዲዮ ከሁሉ የቆየ ነው ብላ መጀመሪያ የምታጠፋው እሱን ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ መብራት በመጣ ቁጥር ስልክዎን ከካሜራዋ የራሷ ዋይፋይ ጋር ወይም ከቤቱ ራውተር ጋር አገናኝተው አፑን ይክፈቱ፤ ብዙዎቹ አፖች ሰዓቱን ከስልኩ ይሰጧታል። አንዳንዱ አፕ ግን ያለ ኢንተርኔት አላስገባም ስለሚል ይህን ኔትወርክ ባለበት ቀን፣ ዳታውን አጥፍተው አስቀድመው ይሞክሩት።

በሶላርና በባትሪ የሚሠሩት ሌላ ጠባይ አላቸው። ባትሪ ለመቆጠብ ተኝተው ነው የሚውሉት፤ የሚነሱት ሙቀት ያለው ነገር ፊታቸው ሲንቀሳቀስ ነው። በአየሩና በሰው ገላ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ሲጠብ፣ ሙቀት በሚበረታበት ከሰዓት በኋላ፣ ዓይናቸው ይደክማል። ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ከሚመጣ ሰው ይልቅ በጎን የሚያቋርጣቸውን ይበልጥ ስለሚያዩ ወደ በሩ ሳይሆን በበሩ አግድም እንዲያዩ አድርገው ይስቀሏቸው። አስፋልት ዳር የተሰቀለ ሶላር አቧራ ይጠግባልና ይጥረጉት፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ደመና አለበት። ካሜራዎችዎ በራሳቸው ሚሞሪ ሳይሆን በዋይፋይ ወደ አንድ ሣጥን የሚቀዱ ዓይነት ከሆኑ ሣጥኑ ውስጥ ሃርድ ዲስክ መኖሩን ይጠይቁ። ያለ ዲስክ የሚሸጡ ብዙ ናቸው። በካሜራውና በሣጥኑ መካከል የቆርቆሮ ግድግዳ ካለም ዋይፋዩ ብዙ ርቀት አይሄድም።

ስርቆት ከደረሰ በኋላ መጀመሪያ የሚደረገው ካሜራዋን ከመብራት መንቀል ነው፤ በቆየች ቁጥር በላዩ ላይ ትጽፋለች። ሚሞሪዋ የምትወጣው ከተነቀለች በኋላ ነው። ስልክ ወይም ኮምፒውተር ውስጥ ሲከቷት «ካርዱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ላድርገው?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል፤ እሺ አይበሉት። የተበላሸው መዝገቡ ብቻ ከሆነ የጠፋ ፋይል በሚፈልጉ ፕሮግራሞች ቪዲዮውን ማውጣት የሚችል ሰው አይጠፋም፤ እሺ ካሉ በኋላ ግን ሥራው ይከብዳል። ፋይሉ ኖሮ በተራው ማጫወቻ አልከፈት ካለ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ይሞከር፤ እሱም እንቢ ካለ ካርዱን ወደ ካሜራዋ መልሰው በአፑ ብቻ የሚታይ ዓይነት መሆኑን ይዩ። በዚያን ጊዜ መጀመሪያ መቅዳቱን ከአፑ ላይ ያጥፉ። ለፖሊስ የሚሰጠው ቅጂው ነው፤ ዋናው ካርድ ወጥቶ ይቀመጥ፣ ካሜራዋም በሌላ ካርድ ሥራዋን ትቀጥል፤ አዲሱ ካርድ መቅዳቱንም በማግስቱ የሌሊቱን ከፍተው ይዩ።