«አንደር ዘ ዌዘር ነኝ» ሲሏችሁ

ውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን በስልክ «አንደር ዘ ዌዘር ነኝ» ይሉናል። ቃል በቃል ሲፈታ «ከአየሩ በታች ነኝ» ቢሆንም፣ ስለ ዝናብ ወይም ስለ ብርድ ማውራታቸው አይደለም፤ «ትንሽ አሞኛል» ማለታቸው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለጉንፋን፣ ለራስ ምታት፣ አንዳንዴም ጠጥቶ ላደረ ሰው ይሉታል። እግሩ ለተሰበረ ወይም በጠና ለታመመ ግን አይመጥንም።

ስለዚህ የልጅ ልጄ እንዲህ ስትለኝ አልደነግጥም። ዝም ብዬም አላልፈውም፤ እኛስ ሰው እንዳይጨነቅብን እያመመን «ደህና ነኝ» እንል የለም? «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ? ትኩሳት አለሽ? እህል ቀምሰሻል?» እላታለሁ። ፈሊጡ የሕመሙን ስም አይናገርም፤ እሱን የምናገኘው ስንጠይቅ ነው። እናንተም ጠይቋቸው።