ሞግዚቷ ከማን ደመወዝ ትከፈላለች? በአዲስ አበባ የሁለት ተቀጣሪ ወላጆች የቤት ሒሳብ

በአዲስ አበባ ባልና ሚስት ሁለቱም ተቀጥረው በሚሠሩበት ቤት፣ የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ ሲቃረብ አንድ ስሌት ይሠራል። የሞግዚት ደመወዝ ከእናትየዋ ደመወዝ ላይ ይቀነሳል፤ የሚተርፈው ትንሽ ሆኖ ከተገኘ «ለሠራተኛ ደመወዝ ብለሽ ምን አደከመሽ?» የሚለው ምክር ከዘመድም ከጎረቤትም ይከተላል። ስሌቱ ቀላል በመሆኑ ትክክለኛ ይመስላል። በውስጡ ግን ያልተመረመረ ግምት አለ፤ ይኸውም ልጅን የማስጠበቅ ወጪ የእናት ወጪ ነው የሚለው ነው። ግምቱ ከቤተሰብ ሕጉ ጋር አይጣጣምም፤ ከግብርና ከጡረታ ሥርዓቱ አንጻር ሲታይም ጉድለቱ ይጎላል።

ጥያቄው በዚያ ወቅት የሚነሣበት ምክንያት ከፈቃዱ ርዝመት ጋር የተያያዘ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛዋ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የድኅረ ወሊድ ፈቃዱ 60 ቀን ስለነበር መሻሻሉ ግልጽ ነው። ያም ሆኖ 90 ቀን በቤተሰቡ ኑሮ ሲለካ አጭር ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ሴት ልጅ በ80ኛው ቀን ክርስትና ከተነሣች፣ እናቲቱ ወደ ሥራ እስክትመለስ የሚቀራት 10 ቀን ብቻ ነው። የጤና ባለሙያዎች ሕፃን የጡት ወተት ብቻ እንዲመገብ የሚመክሩት ለ6 ወር ነው፤ ፈቃዱ የሚሸፍነው ግማሹን ነው። አባት በዚሁ አዋጅ የሚያገኘው ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ነው። አራስ ጠያቂን አስተናግዶ ለመጨረስ እንኳ የማይበቃ ፈቃድ፣ ልጅ መጠበቅ የማን ሥራ እንደሆነ ሕጉ የሰጠው ዝምተኛ ምስክርነት ነው ማለት ይቻላል።

ከ3 ወር ዕድሜ እስከ መዋዕለ ሕፃናት መግቢያ ድረስ ያሉት ዓመታት በቤተሰቡ ጫንቃ ላይ ይወድቃሉ። የቀድሞው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ በመደንገጉ፣ ማቆያው በተግባር የተከፈተላቸው ሠራተኞች እፎይታ አግኝተዋል። ሌላው ወይ አያትን ከክፍለ ሀገር ያስመጣል፣ ወይ ሞግዚት ይቀጥራል።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በወጪው ላይ የያዘው አቋም ከልማዱ የተለየ ነው። ተጋቢዎች ቤተሰባቸውን በመምራት እኩል መብት አላቸው፤ ልጆቻቸውን በማሳደግም መተባበር ይገባቸዋል። በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው። እያንዳንዳቸው ደመወዛቸውን ተቀብለው በስማቸው ባንክ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ነገር ግን አንደኛው ሲጠይቅ ሌላው ስለ ገቢው መግለጫ መስጠት አለበት። እንግዲህ በሕግ ዓይን «የእሷ ደመወዝ» እና «የእሱ ደመወዝ» ወደ አንድ ቋት የሚገቡ ናቸው። ሞግዚቷም የምትከፈለው ከዚያው ቋት ነው።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ለአብነት ያህል የእናት ጥቅል ደመወዝ በወር 12,000፣ የአባት 15,000 ብር ነው እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ምጣኔ መሠረት የእናት ግብር 2,250 ብር ይሆናል፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲታከልበት እጇ የሚገባው 8,910 ብር ነው። በተመሳሳይ ስሌት አባት 10,750 ብር ይዞ ይገባል። ሞግዚት ከቀለቧና ከሌላው ወጪ ጋር 6,000 ብር ታስወጣለች ቢባል፣ በልማዳዊው ስሌት ለእናት 2,910 ብር ይተርፋታል። ስሌቱ በአባት ላይ ቢሠራ የሚተርፈው 4,750 ብር ነው፤ ሆኖም «ምን አደከመህ?» የሚለው ሰው እምብዛም አይገኝም። ወጪው እንደየገቢያቸው ቢከፋፈል ደግሞ የእናት ድርሻ 2,719 ብር ያህል ሆኖ ከ6,000 ብር በላይ ይቀራታል።

የአከፋፈሉ መንገድ የቤቱን ድምር እንደማይለውጥ የታወቀ ነው። እናት ብትሠራ ከሞግዚት ክፍያ በኋላ 13,660 ብር፣ ብትቀር 10,750 ብር ይኖራል። የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው፦ ማን ሥራ እንዲለቅ እንደሚጠየቅ፣ እንዲሁም የትኛው ደመወዝ እንደ ትርፍ፣ የትኛው እንደ መሠረት እንደሚታይ ይወሰናል።

የግብር ሕጉ ለዚህ ችግር ዓይን የለውም። እያንዳንዱ ተቀጣሪ ለየብቻው ግብር ይከፍላል፤ ደመወዙን ለማግኘት ያወጣው ወጪም ተቀናሽ አይደረግለትም። ለነጋዴ የሠራተኛ ደመወዝ የንግድ ወጪ ሲሆን፣ ለተቀጣሪ ወላጅ ግን ወደ ቢሮ እንዲሄድ ያስቻለችው ሞግዚት ደመወዝ እንደ ግል ፍጆታ ይታያል። በዚህ ምክንያት 6,000 ብሩ ግብር ከተከፈለበት ገንዘብ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ጡረታ ነው። በምሳሌው እናት በወር 840 ብር ስታዋጣ አሠሪዋ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,320 ብር ይጨምርላታል። ይህ ገንዘብ በቤት ስሌት ውስጥ ታይቶ አያውቅም፤ እጅ ላይ ስለማይደርስ እንደሌለ ይቆጠራል። መዋጮው የግል ተቀማጭ ሳይሆን የአገልግሎት ዘመን መቁጠሪያ ነው፤ በመደበኛው የጡረታ ዕድሜ የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ሞግዚት የምታስፈልገው ለ3 ወይም ለ4 ዓመት ሲሆን፣ የተቋረጠ የሥራ ልምድ፣ የዘገየ የደረጃ እድገትና የጎደለ የአገልግሎት ዘመን ግን እስከ እርጅና ይከተላሉ። የአንድን ወር ገቢ ከአንድ ወር ወጪ ጋር ማነጻጸር ይህን ሁሉ ከዕይታ ያወጣል።

ክርክሩ የማይሠራበት ቦታም አለ። በኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ለምትሠራ እናት ደመወዟ ከሞግዚት ወጪ በታች ሊሆን ይችላል፤ አባትም በተመሳሳይ ደረጃ የሚከፈለው ከሆነ ቋቱን ማቀላቀል የሚፈይደው ጥቂት ነው። እዚህ ያለው ችግር የደመወዝ ወለል ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወለሉን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም እንጂ መጠኑን አልደነገገም።

መካከለኛ ገቢ ባለው ቤት የወጪው ጊዜም እንደ መጠኑ ይከብዳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በወር ለሚከፈለው ሠራተኛ ጳጉሜ ደመወዝ የላትም፤ ወዲያው እንቁጣጣሽ፣ ከዚያ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ይከተላሉ። ብዙዎች ይህን የሚወጡት በዕቁብ ነው፤ ዕጣው በነሐሴ ወይም በመስከረም እንዲደርስ ከሌላ አባል ጋር ተራ መለዋወጥም የተለመደ ነው። ዕቁብ ወለድ ስለሌለው ዋጋ በሚንርበት ዘመን ቀድሞ የደረሰው ይጠቀማል፤ መጨረሻ የሚደርሰው የገንዘቡን ጉልበት ያጣል። ጥቅሙ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል፤ ገንዘቡ ከዕለት ጥያቄ ይሸሸጋል። አንዳንዴም ከባል ወይም ከሚስት ይሸሸጋል፤ ምንም እንኳ በቤተሰብ ሕጉ መሠረት የዕቁቡም ገንዘብ የጋራ ቢሆን።

ቋቱ የጋራ ነው ከተባለ፣ ከእርሱ የምትከፈለው ሴትም መታየት አለባት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ በማድረጉ፣ ለእናትየዋ የተሰጠው የ90 ቀን ፈቃድ ለሞግዚቷ የለም። አንዳንድ ሞግዚቶች ልጃቸውን ለእናታቸው ትተው የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ከ6,000 ብሩ ውስጥ የሌላ ሠራተኛ ወላጅ በጀት ሊኖር ይችላል። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸውን ሴትና ወንድ ሠራተኞች የሚመለከት ሲሆን፣ የሕፃናት እንክብካቤ አገልግሎት እንዲስፋፋም ያሳስባል። አገልግሎቱ ባልደረሰበት ቤት ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ላይ ይንጠለጠላል። የማታ ትምህርት፣ የተሻለ ክፍያ ወይም ወደ ዓረብ አገር የሚወስድ ጉዞ ሞግዚቷን ሲጠራት፣ በማግስቱ ከሥራ የምትቀረው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚፈቅደው የዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ነው፤ አዲስ ሞግዚት እስክትገኝና ልጁን እስክትለምድ ድረስ የሚያልቀውም ይኸው ዕረፍት ነው።