የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን፤ በፕሮጀክት ሰሌዳ ውስጥ ስላለው ካሌንደር

አንድ ትምህርት ቤት ወይም አንድ ጤና ጣቢያ በዚህ ቀን ተሠርቶ ያልቃል ተብሎ በውል ላይ ሲጻፍ፣ ያ ቀን ከወዴት እንደ ተገኘ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። መሐንዲሱ መሠረቱ ይህን ያህል ቀን፣ ዓምዱና ሶሌታው ይህን ያህል ቀን፣ ግንቡና ልስኑ ይህን ያህል ቀን ይፈጃል ብሎ የገመተውን በኮምፒውተር ላይ አስፍሮ፣ የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚከተል ካያያዘ በኋላ፣ ፕሮግራሙ የፍጻሜውን ዕለት በቅጽበት ያወጣለታል፤ ባለቤቱና ተቋራጩም በዚያው ላይ ይፈርማሉ። ይሁን እንጂ «ሠላሳ ቀን» የሚለው ግምት ገና ልክ ብቻ ነው፤ የታወቀ ዕለት የሚወጣለት፣ ከሳምንቱ ዕለታት የትኞቹ ለሥራ፣ የትኞቹ ለዕረፍት እንደ ተለዩ፣ ሥራውም በስንት ሰዓት ተጀምሮ በስንት ሰዓት እንደሚያበቃ አስቀድሞ ሲወሰን ነው። ይህ ውሳኔ የሚጻፍበት የፕሮግራሙ ክፍል ካሌንደር ይባላል፤ የሰሌዳው ሁሉ መሠረት እርሱ ሆኖ ሳለም፣ ብዙ ሰሌዳ ሠሪዎች አንድ ጊዜ እንኳ ሳይከፍቱት ወደ ሥራዎቹ ዝርዝር ያልፋሉ።

በአገራችን መሐንዲሶች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ሲከፈት ሦስት የተዘጋጁ ካሌንደሮችን ይዞ ይመጣል። አንደኛው ለሌሊት ፈረቃ፣ ሌላው ሌትና ቀን ሳያቋርጥ ለሚሠራ ሥራ የታሰበ ሲሆን፣ ማንም ምንም ሳይነካ ቢተወው የሚሠራበት ግን ስታንዳርድ የተባለው ነው። ይህም ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀትር፣ ከምሳ በኋላም ከ7 እስከ 11 ሰዓት፣ በሳምንት 40 ሰዓት የሚያሠራ ነው። ቅዳሜ በሙሉ ዕረፍት ነው፤ የማንም አገር በዓል አልተጻፈበትም፤ ስለዚህ ሳይታረም የቀረ ሰሌዳ ቅዳሜ ግንበኛውን ቤቱ አስቀምጦ በልደትና በጥምቀት ዕለት ወደ ሥራ ይጠራዋል።

የእኛ የግንባታ ሥፍራ ልማድ ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ብዙ ሳይቶችም ይህንኑ ይዘው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይሠራሉ። 240 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ በስታንዳርዱ ካሌንደር ስድስት ሳምንት ሲወስድ በእኛው ሳምንት ግን በአምስት ያልቃል፤ እንዲህ ያለው ልዩነት በእያንዳንዱ ሥራ ላይ እየተደራረበ በሄደ ቁጥር፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውና በሳይቱ የሚታየው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆናሉ።

ካሌንደሩን የሚያዘጋጅ ሰው «ፕሮጀክት» ከሚለው ትር ሥር «ቼንጅ ወርኪንግ ታይም» የተባለውን ይከፍታል። በእኔ አስተያየት ስታንዳርዱን ራሱን መለወጥ አይገባም፤ ከእርሱ ቅጂ ወስዶ በፕሮጀክቱ ስም የሚጠራ አዲስ ካሌንደር መሥራት ይሻላል፤ ምክንያቱም ፋይሉን በኋላ የሚረከበው መሐንዲስ ስሙን እንዳየ የታሰበበት መሆኑን ያውቃል። «ወርክ ዊክስ» በተባለው ክፍል ቅዳሜን የሥራ ቀን ያደርጋል፤ ሠራተኞቹ ለጁምዓ ሶላት የሚሄዱበት ሳይት ከሆነም የዓርብን የምሳ ዕረፍት አስረዝሞ ይጽፋል። ሰዓቱን ሲጽፍ ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር መሆኑን አይዘንጋ፤ የጠዋቱ 2 ሰዓት በዚያ 8 ሰዓት ነውና፣ 2 ብሎ ቢጽፍ ሠራተኛውን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያሰማራዋል። ይህን ሁሉ ፈጽሞ መስኮቱን የዘጋ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አዲሱ ካሌንደር የፕሮጀክቱ ካሌንደር የሚሆነው «ፕሮጀክት ኢንፎርሜሽን» በሚለው መስኮት ተመርጦ ሲሾም ብቻ ነው።

ከዚህም የረቀቀ ስሕተት አለ። ፕሮግራሙ «አንድ ሳምንት» ወይም «አንድ ወር» ተብሎ ሲጻፍለት ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቀው ከካሌንደሩ ሳይሆን፣ «ኦፕሽንስ» በሚባለው ሌላ ሥፍራ ከተቀመጡ ሦስት ቁጥሮች ነው፤ እነርሱም በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በወር 20 ቀን የሚሉ ናቸው። ካሌንደሩን ስድስት ቀን አድርጎ እነዚህን ሳይነካ የተወ ሰው፣ ለግንቡ አምስት ሳምንት ብሎ ሲጽፍ ፕሮግራሙ አምስቱን በ40 አባዝቶ 200 ሰዓት ይይዝለታል፤ ይህም በ48 ሰዓት ሳምንት ሲቆጠር በአራት ሳምንትና በአንድ ቀን የሚያልቅ ስለሆነ፣ ግንበኛው ሳያውቅ አምስት የሥራ ቀን ይቀነስበታል። ቁጥሩን 48 ማድረግ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው፤ ስሕተቱን ከብዙ ወራት በኋላ ፈልጎ ማግኘት ግን ብዙ ድካም አለው።

አሁን ወደ በዓላት እንምጣ፤ የእኛ ሰሌዳ ሠሪ ከማንኛውም ይልቅ ሊጠነቀቅ የሚገባው በዚህ ነውና። «ኤክሴፕሽንስ» በተባለው ክፍል አንድ በዓል ተጽፎ በየዓመቱ እንዲደገም ማዘዝ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ የሚደግመው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። እንቁጣጣሽን ሴፕቴምበር 11፣ መስቀልን ሴፕቴምበር 27፣ ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 ብሎ ለአምስት ዓመት ያስደገመ ሰው ሦስቱን ዓመት ትክክል ሆኖ በአራተኛው ይስታል፤ ዘመነ ሉቃስ በጳጉሜን 6 በሚፈጸምበት ጊዜ ቀጣዩ ዓመት አንድ ቀን ዘግይቶ ይገባልና። የሚመጣው ምሳሌ ቅርብ ነው፤ 2019 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ስለሆነች፣ የ2020 መስቀል ማክሰኞ ሴፕቴምበር 28 ቀን ይውላል፤ ሳይታረም የቀረው ሰሌዳ ግን ሰኞን አሳርፎ በመስቀል ዕለት አርማታ ያስሞላል። በዚያው ዓመት ጥምቀት ሐሙስ ጃንዋሪ 20 ሲሆን፣ ሰሌዳው በከተራ አሳርፎ ታቦታቱ በሚመለሱበት ዕለት ሥራ ያውጃል። ልደት ብቻ፣ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር፣ በጃንዋሪ 7 ላይ እንደ ጸና ይኖራል፤ የዓድዋ በዓልም፣ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ በ29 ሲወጣ ልዩነቱ ስለሚስተካከል፣ ከማርች 2 ፈቀቅ አይልም።

የማይቆሙት በዓላት ደግሞ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 ሳይቀድም ከሚያዝያ 30 ሳያልፍ በባሕረ ሐሳብ እየተሰላ የሚመጣ ስለሆነ፣ አበቅቴና መጥቅዕ የማያውቀው ፕሮግራም በራሱ ሊያገኘው አይችልም። ሊቃውንቱ የሚያወጡትን ቀን እየተመለከቱ የየዓመቱን ለየብቻ መጻፍ ያስፈልጋል። ፋሲካ ሁልጊዜ እሑድ ስለሚውል ከሥራ ሳምንቱ አንድ ቀን የሚወስደው ስቅለት ነው፤ በ2019 ዓ.ም. ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 22፣ የዓለም ሠራተኞች ቀን በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ፋሲካም እሑድ ሚያዝያ 24 ስለሚውሉ ሦስት ቀን ተከታትሎ ሥራ አይኖርም፤ በዚያ ሳምንት ሶሌታ ሊሞላ ያቀደ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓና መውሊድ ከዓመት ዓመት በዐሥር ወይም በዐሥራ አንድ ቀን እየቀደሙ ይመጣሉ፤ ዕለታቸውም በጨረቃ መታየት ስለሚጸና፣ የተገመተውን ቀን ጽፎ፣ በዓሉ ሲቃረብ እንዲታረም በአጠገቡ ማሳሰቢያ ማስቀመጥ ይገባል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የማበዛው ለቁጥር ጥራት ብቻ ብዬ አይደለም። በሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ ዕረፍት ውሎ አድሮ ከሠራተኛው ላይ የሚወሰድ ዕረፍት ነው። የውሉ ቀን እየቀረበ፣ የመዘግየት ቅጣቱም እያስፈራ ሲሄድ፣ ፎርማኑ እሑድን ያሠራል፤ የፌሮ ሠራተኛውም ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሊውልበት የሚገባውን ዕለተ ሰንበት አስቀድሞ ባልታሰበ ስሌት ምክንያት ያጣል። እቅድ አውጪው በዓሉን በጊዜው ቢጽፈው ኖሮ ያ ቀን በውሉ ውስጥ የራሱ ሥፍራ በኖረው ነበር።

ክረምቱን በተመለከተ፣ ብዙዎች ሐምሌንና ነሐሴን ጨርሶ ከፕሮጀክቱ ካሌንደር ይሰርዛሉ። ይህ ትክክል አይመስለኝም፤ ዝናብ ቁፋሮንና የአፈር ሙሌትን ቢከለክል፣ ጣራ ከለበሰ ሕንፃ ውስጥ ልስንና የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታን አይከለክልም። የሚሻለው «ክረምት» የሚል ሁለተኛ ካሌንደር ሠርቶ፣ ከሐምሌ 1 እስከ ነሐሴ 30፣ ማለትም በፈረንጁ ከጁላይ 8 እስከ ሴፕቴምበር 5 ያለውን ሳምንት ጥቂት የሥራ ቀን ያለው አድርጎ፣ በአፈር ሥራዎች ላይ ብቻ ማሰር ነው። ስንት ቀን ይቀነስ ለሚለው የአካባቢው የዝናብ መዝገብ ከማንም ግምት ይልቅ ይታመናል። ሥራው የራሱ ካሌንደር ሲኖረው፣ የሚሠራው ሰው ወይም መሣሪያም የራሱ ሲኖረው፣ ፕሮግራሙ ሥራውን የሚያስኬደው ሁለቱም በሚገናኙበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ኤክስካቫተሩ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ብቻ የተከራየ ቢሆንና ሥራው ለሐሙስና ለዓርብ ቢወሰን፣ የጋራ ሰዓት የለም ብሎ ያስጠነቅቃል።

ከካሌንደር ሁሉ ውጭ የሚሆኑ ነገሮችም አሉ። የተሞላ አርማታ ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ እየጠጣ መጠንከር ሲገባው፣ ይህ ጥንካሬ እሑድ ሆነ ተብሎ አይቆምም። ቅዳሜ ማታ የተሞላ ሶሌታ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ ሰባት ቀኑን ይፈጽማል፤ በሥራ ቀን ቢቆጠር ግን ሁለቱ እሑዶች ስለሚዘለሉ ወደ ሰኞ ማታ ይገፋል። ለዚህ በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኢዲ» የሚሉትን ሁለት ፊደላት መጻፍ ይበቃል፤ ያን ጊዜ ዕረፍትና በዓል ሳይታይ ሌትና ቀን ይቆጠራል። ኦራክል በ2008 እ.ኤ.አ. በገዛውና በትልልቅ መንገድና ግድብ ሥራዎች በሚታወቀው ፕሪማቬራ ግን፣ በሁለት ሥራዎች መካከል የሚጠበቀው ጊዜ ሌላ ካልታዘዘ በቀዳሚው ሥራ ካሌንደር ስለሚቆጠር፣ በስሌት ምርጫዎቹ ውስጥ ወደ 24 ሰዓት ካሌንደር መለወጥ ወይም ጥንካሬውን ራሱን ሌት ተቀን የሚቆጠር ሥራ አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል።

ሰሌዳው ለባለቤቱ ሲቀርብ፣ ከሥራዎቹ ዝርዝር ጋር የካሌንደሮቹ ገጽም ታትሞ ይያያዝ ዘንድ እመክራለሁ። የሳምንቱ ሰዓት፣ የተጻፉት በዓላት፣ ለክረምቱ የተቀነሱት ቀናትና የዝናቡ መዝገብ ተለይተው በአማካሪው ፊት ሲፈረምባቸው፣ በኋላ ዝናቡ ከመዝገቡ በላይ ቢበረታ ወይም መንግሥት ያልታሰበ የዕረፍት ቀን ቢያውጅ፣ ተቋራጩ የሚጠይቀው ተጨማሪ ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ ሁለቱም ወገኖች ከአንድ ገጽ ላይ አንብበው ሊስማሙ ይችላሉ።