አንድ ማገዶ ለሁለት ሥራ፤ የባሕር ዛፍ ዘይት ሲነጠር ሙቀትን ስለ መቆጠብ

ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው እንጦጦ የአዲስ አበባ የማገዶ ምንጭ ሆኖ ኖሯል፡፡ ማገዶውን በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ የኖሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፡፡ ስለዚህ ቅጠሉን በእንፋሎት አንጥሮ ዘይት ለማውጣት የሚያስብ ማኅበር አስቀድሞ የማገዶውን ሂሳብ ይወቅ፡፡

በዚህ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፡፡ 1 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ 320 ኪሎጁል ያህል ይበቃዋል፤ ከፈላ በኋላ እንፋሎት እስኪሆን ግን 2270 ኪሎጁል ያህል ይወስዳል፡፡ ይህ ብዙ ሙቀት በማቀዝቀዣው ውሃ ይወሰዳል፤ ውሃውም ሲደፋ አብሮ ይደፋል፡፡

ትልልቅ የኬሚካል ፋብሪካዎች አንዳንድ ምርቶችን ሲሠሩ ውሕደቱንና ንጥረቱን በአንድ ማማ ውስጥ ያካሂዳሉ፡፡ ውሕደቱ ሙቀት የሚሰጥ ከሆነ ያው ሙቀት ለማትነን ይረዳል፡፡ እኛም አንዱን ሙቀት ለሁለት ሥራ እንድናውል የሚከተለውን እንመክራለን፡፡

1. ማፍያውን ከማቀዝቀዣው በሚወጣው ሙቅ ውሃ ሙሉ፡፡ ውሃው 60 ዲግሪ ከሆነ ከሚፈለገው ሙቀት 7 በመቶ ያህል ይድናል፡፡
2. እንፋሎት እንዳያመልጥ ክዳኑን በሊጥ ድፈኑ፤ በርሜሉን በጭቃና በገለባ ልበጡ፡፡
3. ዘይቱ መውረዱን ሲያቆም እሳቱን አጥፉ፤ ከዚያ በኋላ የሚነደው ለከንቱ ነው፡፡
4. የተነጠረውን ቅጠል አድርቃችሁ ለሚቀጥለው እሳት አውሉ፡፡

7 በመቶ ጥቂት ይመስላል፡፡ ነገር ግን ከ100 ሸክም 7ቱ ከጀርባ ወረደ ማለት ነው፡፡