መጀመሪያ የታመመው ከቻይና አልመጣም

«ኮሮናን ያመጡብን ቻይኖች ናቸው» የሚለው ወሬ ዱከም ላይ እንደ ሩቅ ሀገር ወሬ የሚሰማ አልነበረም። ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ያለው እዚሁ ነው። ስንቱ የከተማዋ ልጅ ከቻይናውያን ጋር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል።

እውነታው ይህ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ ይፋ ሲደረግ ሰውየው የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። የመጣውም ከቻይና ሳይሆን ከቡርኪና ፋሶ ነው። እንዲያም ሆኖ ሳምንት ሳይሞላ የውጭ ሰው የሚመስል ሁሉ በየመንገዱ «ኮሮና! ኮሮና!» ይባል ጀመር። መጋቢት 9 የአሜሪካ ኤምባሲ ለዜጎቹ ባወጣው ማስጠንቀቂያ በውጭ ሰዎች ላይ ድንጋይ እንደተወረወረ፣ እንደተተፋባቸው፣ ታክሲም እንደተከለከሉ ገልጿል። ቫይረሱ ግን የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ ያውም የያዘው ሰው ሕመም ሳይሰማው ጭምር። የፊት መልክ አይቶ የሸሸ ሰው ከማያስለው የገዛ ጓደኛው ጋር አንድ ሚኒባስ ውስጥ ተጠጋግቶ ይሄድ ነበር።

«አንዴ የያዘው ሰው ከቫይረሱ መቼም አይጠራም» የሚልም ነበር። ይህም ስህተት ነው። ካገገመ በኋላ በምርመራ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የሞተ የቫይረስ ቅሪት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 2012 ላይ መመሪያውን የቀየረውም ለዚህ ነው፤ ምልክት ከታየ 10 ቀን፣ ከዚያም ቢያንስ 3 ቀን ያለ ምልክት ካለፈ፣ ታማሚው ድጋሚ ሳይመረመር ከለይቶ ማቆያ እንዲወጣ ፈቀደ።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ኮሮና ሳይመጣም የነበረው የኩባያ ነገር ነው። አንድ ግቢ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የያዘው ሰው ካለ ኩባያውና ሳህኑ ይለይበታል። ቲቢ ግን በዕቃም፣ በልብስም፣ በመጨባበጥም አይተላለፍም። የሚተላለፈው በሳልና በንግግር በሚወጣ አየር፣ በተለይ መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ማስተላለፉን ያቆማል። እንግዲህ ኩባያ የሚለይበት ሰው ብዙ ጊዜ ሕክምና ላይ ያለውና የማያሰጋው ነው። ይህን ያየ ሌላው ግን ሳሉን ደብቆ በዚያችው ክፍል ከጓደኞቹ ጋር ያድራል።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ሲባል ጥፋቱ የታማሚው ብቻ ይመስላል። ያሸሸገው ግን ጎረቤቱ ነው።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው በግቢያችሁ ካለ መስኮቱን ክፈቱ፣ ኩባያውን ተዉለት፣ ጤና ጣቢያም አብራችሁት ሂዱ። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።